ላባዋ ስለተለየ ብቻ ዶሮ አትታረድም

ሰሞኑን በግቢያቸው ዶሮ የሚያረቡ ሰዎች እየተቀባበሉ የሚያነቡት አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው ዶሮ የሚወዱ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ስለ ውኃ መጠጫ ንጽሕና፣ ስለ ፈንግል ክትባትና ስለ ቆጥ አሠራር ያሉትን ማንም ቢከተል ይጠቀማል። ስለ ላባ የጻፉት ግን ጥሩ ጥሩ ዶሮ እያሳረደ ነው። ይህን በዝምታ ማለፍ አልፈልግም።

ጽሑፉ ባጭሩ እንዲህ ይላል። ላባዋ ከተለመደው የተለየ ዶሮ ሁሉ ዘሯ የተበላሸ ነው። አንገተ መላጣነት በዝምድና መዋለድ የመጣ ደዌ ነው። ላባው ወደ ላይ የተገለበጠ ጫጩት የሚፈለፈለው እንቁላሉ ሲታቀፍ ሙቀቱ ስለተዛባ ነው። እናትና አባት ደህና ከሆኑ የጫጩቱ ላባ ከዘር ሊሆን አይችልም። የአውራ ዶሮ ላባ ያበቀለች ሴት ዶሮ ጫጩቶቿም እንደ እሷ ይሆናሉ። መጨረሻ ላይ ምክር ይሰጣል፦ ቫይታሚን ስጡ፣ ካልተስተካከለ እረዱ።

እንግዲህ አንድ በአንድ እንያቸው። አንዳንዱ በጥቂት መስመር ያልቃል። አንዳንዱ ግን ሰፋ ያለ ነገር አለው፤ እዚያ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

"ላባዋ የተለየ ዶሮ ሁሉ ዘሯ የተበላሸ ነው"

እዚህ ላይ የተለያዩ ነገሮች ባንድ ስም ተጠርተዋል። አንገቷ የተላጠ፣ ላባዋ የተገለበጠ፣ ጀርባዋ የተነቀለ፣ ቀለሟ የተቀየረ ዶሮ ሁሉ ተደባልቆ ገብቷል። ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዱ በእርግጥ ከወላጅ የሚወረስ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ከዘር ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ምክሩም እርስ በርሱ ይጋጫል። ነገሩ ከዘር ከሆነ ቫይታሚን ምን ያደርግለታል? ቫይታሚን የሚያስተካክለው ከሆነ ደግሞ ዘሯ ምን በደለ?

የዶሮ ላባ ይወረሳል ወይስ አይወረስም የሚለው ጥያቄ አዲስ አይደለም። የሜንዴል የውርስ ሕግ ከዕፅዋት አልፎ በእንስሳትም እንደሚሠራ ከታየባቸው የመጀመሪያ እንስሳት አንዷ ዶሮ ናት። እንግሊዛዊው ዊሊያም ቤትሰን ይህን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ዶሮ ስትጠና ኖራለች። ስለዚህ በግምት መሄድ አያስፈልገንም።

ለመለየት የሚረዳን የላባ ተፈጥሮ ራሱ ነው። ላባ አድጎ ካበቃ በኋላ እንደ ጥፍር የሞተ ነገር ነው። ቢሰበር አይድንም፣ ቢቆሽሽም ራሱን አያድስም። ዶሮዋ ግን በየጊዜው ላባዋን ትጥልና አዲስ ታበቅላለች። ጉዳቱ ከውጭ የመጣ ከሆነ፣ ማለትም ከመነቀል፣ ከቅንቅን ወይም ከመኖ እጥረት ከሆነ፣ መንስኤው ሲወገድ አዲሱ ላባ ደህና ሆኖ ይወጣል። ነገሩ ከዘር ከሆነ አዲሱም እንደ አሮጌው ሆኖ ይመጣል። ዶሮዋ መልሱን ራሷ ትሰጣችኋለች፤ የሚፈለገው መጠበቅ ብቻ ነው።

በአውሮፓ ዶሮ ላባዋን የምትጥለው በአብዛኛው ቀኑ ማጠር ሲጀምር ነው። እኛ አገር ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ስለሆነ እንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ ወቅት የለም። ብዙ ጊዜ እናት ዶሮ ላባዋን የምትቀይረው ታቅፋ ጫጩት ካሳደገች በኋላ ነው። ስለዚህ ከጫጩት በኋላ የተራቆተች እናት አይታችሁ አትደንግጡ። መጀመሪያ ራሷና አንገቷ፣ ከዚያ ደረቷና ገላዋ፣ መጨረሻ ላይ ክንፏና ጭራዋ ይቀየራል። እንዲህ ተራ ጠብቆ የሚሄድ ከሆነ ጤናማ ነው።

ሁለት ነገር ደግሞ ሳትጠብቁም ማየት ትችላላችሁ። አንደኛው መቼ ጀመረ የሚለው ነው። ከተፈለፈለች ጀምሮ ወይም የመጀመሪያ ላባዋ ሲወጣ ጀምሮ ከሆነ ወደ ዘር ያደላል። ዓመት ሙሉ ደህና ሆና ቆይታ ድንገት ከተለወጠች ወደ ሌላ መንስኤ ያደላል። ሁለተኛው ግራና ቀኟ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። የሚወረስ የላባ ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም ጎን እኩል ይታያል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ፣ በተለይ ጀርባዋና የጭራዋ ሥር ላይ ከሆነ፣ መጀመሪያ ጓደኞቿንና አውራውን ተመልከቱ። አውራው ሲያጠቃት፣ ማለትም ሲገናኛት፣ በጥፍሩና በአፉ የጀርባዋንና የማጅራቷን ላባ ይጨርሰዋል።

"አንገተ መላጣነት በዝምድና መዋለድ የመጣ ደዌ ነው"

ጽሑፉ ትልቁን ጉዳት ያደረሰው እዚህ ላይ ነው። መላጣዋ የታመመች መስላ መታየቷ ይገባኛል። ቀይ ቆዳዋ ያስፈራል። ገበያ ላይም ሰው ይሸሻታል፤ ለበዓል የሚገዛ ሰው ላባው የሞላ ቀይ ዶሮ ነው የሚመርጠው። ይሁን እንጂ ይህች ዶሮ በሽተኛ አይደለችም።

መላጣ አንገት የሚመጣው ከአንድ ጂን፣ ማለትም ባሕርይን ከወላጅ ወደ ልጅ ከሚያሻግር አንድ የዘር ቅንጣት ነው። ጫጩት እንዲህ ያለውን ጂን በሁለት ቅጂ ይይዛል፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። ለዚህ ባሕርይ አንድ ቅጂ ይበቃል። ከእናት ወይም ከአባት አንዱን ብቻ ያገኘ ጫጩት አንገቱ ይላጣል። ቅጂው አንድ ብቻ ከሆነ አንገቱ ፊት ለፊት ከደረቱ ከፍ ብሎ አንድ ጭብጥ ላባ ይቀርለታል። ሁለት ቅጂ ያለው ግን እዚያም ቦታ ላይ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። እንግዲህ ያቺን ጭብጥ ላባ አይታችሁ ዶሮዋ ስንት ቅጂ እንደያዘች መገመት ትችላላችሁ። ለዚህ ላቦራቶሪ አያስፈልግም።

በዝምድና የመጣ ነው የሚለው የሚወድቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። እህትና ወንድም ሲዋለዱ የሚጋለጡት ሁለት ቅጂ የሚፈልጉ፣ ተደብቀው የኖሩ ባሕርያት ናቸው። አንድ ቅጂ የሚበቃው ባሕርይ ለመታየት ዝምድና አይፈልግም። ዝምድና ዶሮን ይጎዳል፤ የእንቁላል መፈልፈልን ይቀንሳል፣ ጫጩትን ያዳክማል። በዚህ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። መላጣዋ ግን የእሱ ውጤት አይደለችም።

እ.ኤ.አ. በ2011 በኤደንበርግ የሚገኘው የሮዝሊን ተቋም ተመራማሪዎች ነገሩን እስከ ሥሩ አሳይተዋል። ጂኖች ከተደረደሩባቸው ክሮሞዞሞች በሦስተኛው ላይ ከሌላ ክሮሞዞም የመጣ የዲኤንኤ ቁራጭ ገብቷል። ይህ ቁራጭ ቢኤምፒ 12 የሚባል ፕሮቲን ጫጩቷ ገና እንቁላል ውስጥ ሳለች በብዛት እንዲመረት ያደርጋል። ፕሮቲኑ ሲበዛ ላባ የሚበቅልባቸው ነጥቦች ቆዳ ላይ እንዳይፈጠሩ ይከለክላል። አንገት ብቻ የሚላጠው ለምንድን ነው ብትሉ፣ የአንገት ቆዳ ሬቲኖይክ አሲድ የሚባል ከቫይታሚን ኤ የሚገኝ ንጥረ ነገር ስለሚያመርት ለፕሮቲኑ ከሌላው ገላ ይበልጥ ስሱ ነው። ከሜክሲኮ፣ ከፈረንሳይና ከሃንጋሪ የመጡ መላጣ ዶሮዎች ሲመረመሩም አንድ ዓይነት ለውጥ ተገኝቶባቸዋል። በየአገሩ በየጊዜው የሚነሳ ደዌ ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይገጣጠምም ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ጥቅሟ ልምጣ። አንድ ቅጂ ያላት ዶሮ ከጠቅላላ ላባዋ አንድ አምስተኛ ያህሉ ይቀንሳል። ሁለት ቅጂ ያላት እስከ 40 በመቶ ሊቀንስባት ይችላል። ዶሮ ላብ የላትም። ሙቀቷን የምታወጣው በማለክለክና በተራቆተ ቆዳዋ በኩል ነው። ስለዚህ በአፋር፣ በጋምቤላ፣ በመተማ ወይም በድሬዳዋ ፀሐይ የተላጠ አንገት ትልቅ እፎይታ ነው። ላባ ደግሞ በአብዛኛው ፕሮቲን ነው። ለላባ ያልዋለው ፕሮቲን ለሥጋና ለእንቁላል ይተርፋል። በሞቃት አገሮች የሚሠሩ የዶሮ አዳቃዮች ይህን ጂን ፈልገው የሚጠቀሙበት ለዚህ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ በጥራት ምልክት ተለይተው በውድ ከሚሸጡት የሥጋ ዶሮዎች ብዙዎቹ አንገተ መላጣ ናቸው። የእኛ ሰው ከገበያ የሚመልሳትን ዶሮ እነሱ በውድ ዋጋ ይበሏታል።

እኛም ብንሆን አናውቃትም ማለት አይቻልም። ዶክተር ተከተል ፎርሲዶ እ.ኤ.አ. በ1986 ባቀረቡት ጥናት የአገር ውስጥ ዶሮዎችን ጥቁር፣ መላጣ፣ ቀይ፣ ገብስማና ነጭ ብለው ሲለዩ መላጣ ራሷን የቻለች አንድ ዓይነት ሆና ቆማለች። እንግዲህ አንድ አርቢ ጽሑፉን አንብቦ በረባዳ አገር መላጣዎቹን ሁሉ ቢያርድ፣ ሙቀት ለመቋቋም የሚረዳውን ጂን ከግቢው አጠፋ ማለት ነው። መልሶ ለማግኘት መላጣ ዶሮ ካለበት ቦታ ፈልጎ መግዛት ግድ ይሆንበታል።

ችግር የለባትም ማለቴ አይደለም። ሁለት ቅጂ ባላቸው ላይ የመፈልፈል መጠን ትንሽ ዝቅ እንደሚል ተመዝግቧል። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ውርጫም አገር ደግሞ የተላጠ አንገት ሌሊት ላይ ሸክም ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። መላጣዋን ላባው ከሞላ አውራ ጋር አገናኙ። ሁለት ቅጂ ካላት ጫጩቶቿ ሁሉ አንድ አንድ ቅጂ ይይዛሉ። አንድ ቅጂ ካላት ግማሾቹ መላጣ፣ ግማሾቹ ላባ ሙሉ ይሆናሉ። ላባ ሙሉ ሆነው የወጡት ጂኑን በድብቅ አይሸከሙም፤ ለደጋ የሚፈልግ እነሱን ይውሰድ።

"ላባው የሚገለበጠው በማሳቀፊያ ሙቀት ነው"

እዚህ ላይ አንድ ቀላል ነገር እንመልከት። አንዲት እናት ዶሮ አሥራ ሁለት እንቁላል ታቅፋ አሥራ አንዱ ለስላሳ፣ አንዱ ግልብጥ ላባ ሆኖ ቢያድግ ሙቀቱ አንዱን ብቻ መርጦ ነው የተዛባው? ሁሉም የከረሙት በአንድ ሆድ ሥር ነው። የማሳቀፊያ ሙቀት ከ37.5 ዲግሪ ሲርቅ የሚመጣውን እናውቃለን፦ ጫጩት እንቁላል ውስጥ ይሞታል፣ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ይፈለፈላል፣ እምብርቱ ሳይዘጋ ይቀራል፣ እግሩ ይጣመማል። ላባ አይገለበጥም።

የተገለበጠ ላባም ከአንድ ጂን ነው የሚመጣው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት መንስኤው ኬአርቲ 75 በሚባል የኬራቲን ጂን ላይ ያለ ጉድለት መሆኑን አሳይቷል። ኬራቲን ላባ የሚሠራበት ፕሮቲን ነው። ከጂኑ ትንሽ ቁራጭ ስትጎድል የላባው ዘንግ ቀጥ ማለት ያቅተውና ወደ ውጭ ይጠቀለላል። ይህም አንድ ቅጂ ይበቃዋል። አንድ ቅጂ ያለው ዶሮ ላባው ተገልብጦ ያምራል፤ ሌላ ብዙ ችግር የለበትም።

ሁለት ቅጂ ሲሆን ግን ነገሩ ይከብዳል። ላባው እንደ ክር ይቀጥናል፣ በቀላሉ ይሰበራል፣ ዶሮው ግማሽ ራቁቱን ይቀራል። ገላው ሙቀት መያዝ ስለሚያቅተው ልቡ በፍጥነት ይመታል፣ ብዙ መኖ ይበላል፣ ብርድ ሲመጣ ይሞታል። ጸሐፊው "በሽተኛ ናቸው" ያሉት እንዲህ ያሉትን አይተው ከሆነ ያዩት እውነት ነው። ያ ግን ከአርቢው አመራረጥ የሚመጣ ነገር ነው። ሁለት ግልብጥ ላባዎችን ብታገናኙ በአማካይ ከአራት ጫጩት አንዱ ሁለት ቅጂ ይይዛል፣ ሁለቱ አንድ አንድ ቅጂ ይይዛሉ፣ አንዱ ለስላሳ ይሆናል። ግልብጡን ሁልጊዜ ከለስላሳ ጋር ብታገናኙ ግን ግማሹ ግልብጥ፣ ግማሹ ለስላሳ ይሆናል፤ ሁለት ቅጂ የሚይዝ አይኖርም። ስለዚህ ግልብጧን ማረድ አያስፈልግም። ከማን ጋር እንደምትገናኝ መወሰን ይበቃል።

ለጸሐፊው አንድ ነገር ማንሳት ተገቢ ነው። ጫጩት ሲፈለፈል የገላው ለምለም ፀጉር ሳይፈታ ተቋጥሮ የሚወጣበት ሁኔታ አለ። ይህ የሚመጣው እናቲቱ የበላችው መኖ ሪቦፍላቪን፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ 2፣ ሲያንሰው ነው። ፀጉሩ የተጠቀለለበትን ሽፋን ቀዶ መውጣት ያቅተዋል። ይህ አይወረስም፤ የእናቲቱ መኖ ሲስተካከል ቀጥሎ የሚፈለፈሉት ደህና ይሆናሉ። ምናልባት ሁለቱ ተምታተውባቸው ይሆናል። መለያው ጊዜው ነው። የተቋጠረው ፀጉር በተፈለፈለበት ቀን ይታያል። በጂን የሚገለበጠው ግን መጀመሪያ ተራ ጫጩት ይመስላል፣ የክንፉ ላባ ብቅ ማለት ሲጀምር ነው መጠቅለል የሚጀምረው።

"እናትና አባት ደህና ከሆኑ ከዘር አይደለም"

ይህ ቢያንስ በሁለት መንገድ ስህተት ነው።

የመጀመሪያው የተደበቀ ውርስ ነው። ሲልኪ የሚባለውን የእስያ ዝርያ በፎቶ ያላየ ጥቂት ነው፤ ላባው እንደ ጥጥ የለሰለሰ ነው። በተራ ላባ ላይ ትናንሽ መንጠቆዎች አሉ፤ እርስ በርስ ተያይዘው ላባውን ጠፍጣፋ ያደርጉታል። ሲልኪ እነዚህ መንጠቆዎች የሉትም። ይህ ባሕርይ ሁለት ቅጂ ይፈልጋል። አንድ ቅጂ ብቻ የያዙ ወላጆች ላባቸው ፍጹም ተራ ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ ሲገናኙ ግን በአማካይ ከአራት አንዱ ጫጩት ባለጥጥ ላባ ይሆናል። ወላጆቹን አይቶ "ዘራቸው ደህና ነው" ማለት እዚህ ላይ አይሠራም።

ቁጥሩም ሰውን ያታልላል። እንዲህ ያሉ ሁለት ወላጆች ሦስት ጫጩት ብቻ ቢያሳድጉ አንድም የተለየ ሳይታይ የማለፍ ዕድሉ 42 በመቶ ነው። አሥር ጫጩት ሲሆን ከ6 በመቶ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ከሦስትና ከአራት ጫጩት ተነስቶ መፍረድ ተገቢ አይደለም። መፈተን የሚፈልግ ሰው የተለየችውን ዶሮ ከራሷ ወንድ ልጅ ጋር አንድ ጊዜ ብቻ ያገናኝ። ባሕርዩ ተደብቆ የሚወረስ ከሆነ ከጫጩቶቹ ግማሹ እንደ እናቲቱ መሆን አለበት። ስምንት ጫጩት ሁሉም ተራ ከሆኑ፣ ያ በአጋጣሚ የሚሆነው ከ256 አንድ ጊዜ ነው። ለፈተና ብቻ ነው ያልኩት፤ ልማድ አታድርጉት።

ሁለተኛው "አባትየው ማነው?" የሚለው ነው። በጓሮ እርባታ ይህን በእርግጠኝነት የሚመልስ ሰው ጥቂት ነው። የጎረቤት አውራ አጥር ዘሎ ይገባል። ከዚያም በላይ ሴት ዶሮ አንዴ ከተጠቃች በኋላ የአውራውን ዘር በማሕፀኗ ውስጥ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም እስከ ሦስት ሳምንት ታቆየዋለች። ለፋሲካ የታረደው አውራ ከሳምንት በኋላ የተጣለ እንቁላል አባት ሊሆን ይችላል። አዲስ አውራ አምጥታችሁ ዘሩን ማወቅ ከፈለጋችሁ አሮጌው ከሄደ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ጠብቁ፣ በመሀል የተጣለውን እንቁላል ብሉት እንጂ አታሳቅፉት።

አውራውን ችላ ማለት ሌላም ጉዳት አለው። ከላባ ጋር የተያያዙ አንዳንድ ጂኖች ያሉት ዜድ በሚባለው የጾታ ክሮሞዞም ላይ ነው። ሴት ጫጩት ዜድ የምታገኘው ከአባቷ ብቻ ነው። ኮኮክ የሚባለውን ዝንጉርጉር ዝርያ የሚያረባ ሰው አውራው ከሴቷ ነጣ ብሎ እንደሚታይ ያውቃል፤ ያ የሆነው ዝንጉርጉርነቱን የሚሰጠውን ጂን አውራው ሁለት፣ ሴቷ አንድ ስለያዘች ነው። ቶሎ ወይም ዘግይቶ ላባ ማብቀልም በዚሁ መንገድ ይወረሳል። ቶሎ የሚያበቅል አውራ ከምታዘገይ ሴት ጋር ሲገናኝ ሴት ጫጩቶች ቶሎ፣ ወንዶቹ ዘግይተው ያበቅላሉ። የጫጩት ማስፈልፈያ ድርጅቶች በዚህ ተጠቅመው የአንድ ቀን ጫጩትን በክንፉ ላባ ርዝመት ወንድ ሴት ብለው ይለያሉ። እንግዲህ ጀርባው ለሳምንታት ራቁቱን የቆየ ንቁ ጫጩት ስታዩ፣ ጽሑፉ እንዳለው "መኖው አልተስማማውም" ብላችሁ አትቸኩሉ። ዘገምተኛ ላባ ሊሆን ይችላል።

"የአውራ ላባ ያበቀለች ሴት ዶሮ ጫጩቶቿም እንደ እሷ ይሆናሉ"

ይህ የሚያሳዝነኝ ነጥብ ነው። ሴት ዶሮ ስትጮህ ወይም የአውራ ጭራ ስታበቅል ብዙ ቤት መጥፎ ምልክት ነው ተብሎ በዚያው ቀን ትታረዳለች። ጽሑፉ ለዚህ ፍርሃት የሳይንስ ልብስ አልብሶታል።

የሚሆነው ይህ ነው። በሴት ዶሮ ውስጥ የሚሠራው የግራው ኦቫሪ፣ ማለትም እንቁላል የሚፈጠርበት አካል፣ ብቻ ነው፤ የቀኙ ሳያድግ ይቀራል። የግራው በበሽታ፣ በዕጢ ወይም በእርጅና ሲጎዳ ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ይቀንሳል። በዶሮ ላይ የሴት ላባ የሚያወጣው ይህ ሆርሞን ነው። ሲጠፋ ላባው ወደ አውራ መልክ ይሄዳል። ለዚህ ነው የተኮላሸ አውራ ላባው የአውራ ሆኖ የሚቀረው፤ ወንድ ሆርሞኑ ቢቀንስም ኤስትሮጅን አልገባበትም። የሴቷ የቀኝ በኩል ደግሞ አንዳንዴ እንደ ወንድ ፍሬ ሆኖ ማደግ ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ትጮኻለች። ክሮሞዞሟ ግን አልተቀየረም። ደግሞስ እንቁላል መጣል አቁማ ለየትኞቹ ጫጩቶች ታወርሳለች? ከመታመሟ በፊት የፈለፈለቻቸው ልጆቿም ከዚህ ጋር ግንኙነት የላቸውም።

ይህ ፍርሃት የእኛ ብቻ አይደለም። በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1474 እንቁላል የጣለ "አውራ ዶሮ" ለፍርድ ቀርቦ በእሳት ተቃጥሏል። ዛሬ ላይ ሆነን ስናየው ምስኪኗ ኦቫሪዋ የታመመ ሴት ዶሮ ሳትሆን አትቀርም።

በእርግጥ የሚወረስ ተቃራኒ ሁኔታ አለ። ሴብራይት በሚባለው ትንሽ የእንግሊዝ ዝርያ አውራው የሴት ላባ ይዞ ይኖራል። ቆዳው ወንድ ሆርሞንን ወደ ኤስትሮጅን ይቀይራል። የጄኔቲክስ ሊቁ ቶማስ ሃንት ሞርጋን ሴብራይት አውራዎችን ሲያኮላሽ የሚያምር የአውራ ላባ አበቀሉ፤ የሚቀየረው ሆርሞን ስለጠፋ ነው። ይህኛው ከአባት ወደ ልጅ ያልፋል። የጮኸችው ሴት ዶሮ ግን ከእሱ ጋር አትገናኝም። ሆዷ ካላበጠና ከበላች በሰላም ትኑር።

ስለ ቫይታሚን

በዚህ ላይ ብዙ አልልም። ላባ በአብዛኛው ፕሮቲን ስለሆነ፣ በተለይም ድኝ ያላቸውን አሚኖ አሲዶች ስለሚፈልግ፣ በቆሎና ፉርሽካ ብቻ የምትበላ ዶሮ ላባዋ ይሳሳል፣ ይሰባበራል። ዚንክ ሲያንስ ጫፉ ይበጣጠሳል። ብረት ወይም ፎሊክ አሲድ ሲያንስ ቀለሙ ሊነጣ ይችላል። ስለዚህ ውኃ ውስጥ የሚጨመር ቫይታሚን ብቻውን አይበቃም፤ ፋጉሎ፣ አኩሪ አተር፣ ጓሮ ውስጥ የሚገኝ ትል ይሻላል። ቅንቅንን ደግሞ ማታ ቆጥ ላይ በባትሪ ክንፏን ገልጣችሁ ፈልጉ። ጥቁር ዶሮ ቆስላ ከዳነች በኋላ ቁስሉ ላይ ነጭ ላባ ብታበቅል ቀለም የሚሰጡት ሴሎች ስለተጎዱ ነው፤ ለልጆቿ አያልፍም።

ለዘር መቀመጥ የሌለባቸው

ከዘር መውጣት ያለበት ዶሮ የለም አልልም። ሁለት ቅጂ የያዘ ግልብጥ ላባ በደጋ አገር ይሠቃያል፤ እንዳይወለድ አድርጉ። ጉትያ ዶሮዎቻችን ብዙ ጊዜ ችግር የለባቸውም። ጉትናቸው በጣም የገዘፈ እንደ ፖሊሽ ያሉ የውጭ ዝርያዎች ግን የራስ ቅላቸው ላይ ክፍተት ሊኖር ስለሚችል ሁለት ባለትልቅ ጉትናዎችን አታዋልዱ፤ አናታቸው ላይ በትንሹ ቢነከሱ ይሞታሉ።

ጽሑፉ ጨርሶ ያላነሳት ደግሞ ላባ ነቃይዋ ናት። ጸሐፊው ጀርባዋ የተራቆተውን እረዱ ብለዋል። የምትነቅለው ሌላ ናት። መንጋው ውስጥ ቆጥ ላይ ከኋላ እየመጣች የምትነቅል አንዲት ወይም ሁለት ዶሮዎች አሉ፤ የራሳቸው ላባ ሙሉ ስለሆነ አይጠረጠሩም። ይህ ጠባይ መጣበብና የፕሮቲን እጥረት ያብሱታል፣ ነገር ግን በከፊል ይወረሳል። ዴንማርክ ውስጥ ብዙ የሚነቅሉትንና የማይነቅሉትን ለየብቻ ለትውልድ ሲያዋልዷቸው ሁለቱ መስመሮች በጠባያቸው እየተራራቁ ሄደዋል። የነቃይዋን እንቁላል አታሳቅፉ። የተነቀለችውን ለብቻዋ አድርጋችሁ ደህና መኖ ስጧት፤ ላባዋ በጥቂት ሳምንታት ተመልሶ ይወጣል።